የራሊ መኪኖችን ያቆየው ሞልድ

እ.ኤ.አ. በ1970 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈው ዳትሰን ብሉበርድ 1600 ኤስኤስኤስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም በካርቶን ሳጥን ይሸጣል፤ አካሉ ፕላስቲክ፣ መጠኑ ከእውነተኛው 24 ጊዜ ያነሰ፣ ገጣጣሚው ደግሞ ገዢው ራሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፔጆ 404 ያንኑ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አራት ጊዜ አሸንፏል፤ በሞዴል ገጣጣሚዎች ዘንድ ያለው ስም ግን ከዳትሰኑ ጋር አይወዳደርም። ይህ ልዩነት ከምን መጣ? የተለመደው መልስ ፍቅር ነው፤ አድናቂዎች የወደዱት መኪና በፕላስቲክ ተሠራ፣ ያልወደዱት ቀረ ይባላል። ይህ መልስ የነገሩን ጅራት ይዞ ራሱን የሚተው ይመስለኛል። የትኛው የራሊ መኪና በጠረጴዛ ላይ እንደሚቆም በዋናነት የወሰነው አንድ ውድ የብረት ዕቃ፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት ሞልድ፣ እና የሞልዱን ወጪ ለመመለስ የተሠላው ሒሳብ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ የሚወስደን ወደ ሺዙኦካ ነው። በጃፓን ፓስፊክ ዳርቻ ያለችው ይህች ከተማ የእንጨት ሥራ ከተማ ነበረች፤ የሴንገንን ቤተ መቅደስ ለመገንባት በኢዶ ዘመን ከየስፍራው የተሰበሰቡ አናጢዎች በዚያው ሠፍረው ሙያውን እንዳወረሱ ይነገራል። የሞዴል አምራቾቹ አኦሺማ በ1924፣ ሃሴጋዋ በ1941 በዚሁ አካባቢ ተቋቋሙ። የታሚያ ድርጅት መሥራች ዮሺዎ ታሚያም በ1946 የጣውላ መሰንጠቂያ ከፈተ፤ ከጎኑም የእንጨት ሞዴል መሥራት ያዘ። በ1951 እሳት ተነሥቶ ጣውላውን ፈጀው፤ ድርጅቱም ከዚያ በኋላ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ሞዴል አዞረ። ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የፕላስቲክ ሞዴል ወደ ጃፓን መግባት ሲጀምር ግን የእንጨቱ ገበያ ተቀዛቀዘ። ታሚያ በ1960 ያማቶ የተባለችውን የጦር መርከብ በፕላስቲክ አወጣ፤ ተፎካካሪው ተመሳሳይ መርከብ በርካሽ ስላቀረበ ኪሳራ ላይ ወደቀ። ያተረፈው ቀጥሎ የመጣው የጀርመኑ ፓንተር ታንክ ነው። የታንኩ መጠን 1/35 የሆነው በታሪክ ወይም በውበት ምክንያት አልነበረም፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስበት ሞተርና ባትሪ ድንጋይ መግባት ስለነበረባቸው ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጦር ተሽከርካሪ ሞዴል የሚሠራበት ዋና መለኪያ የባትሪ ድንጋይ መጠን ያመጣው መሆኑ የዚህን ሙያ ጠባይ ይናገራል፤ መጀመሪያ የፋብሪካው ችግር ይመጣል፣ ወጉና ክብሩ ከኋላ ይከተላል።

ሞልድ የሚባለው እርስ በርሱ የሚገጥም የብረት ብሎክ ነው፤ ሆዱ በተፈለገው ቅርጽ ተፈልፍሏል። የቀለጠ ፖሊስቲሪን በኃይል ይገባበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ብረቱ ይከፈታል፤ በርና ቸርኬ፣ ወንበርና መሪ በቀጭን የፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደተንጠለጠሉ ይወጣሉ። ፕላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ብረቱን መፈልፈል ግን እጅግ ውድ ነው፤ ወጪውም አንድ ሳጥን ሳይሸጥ በፊት የሚከፈል ነው። ስለዚህ የሞዴል ፋብሪካ ዋና ጥያቄ «ከዚህ አንድ ብረት ስንት ዓይነት ሳጥን ይወጣል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከራሊ መኪና የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል። በዝግ ሜዳ (ሰርኪት) የሚሮጥ፣ ለውድድር ብቻ የተሠራ መኪና ሌላ ገዢ የለውም። ራሊ ላይ ግን ደንቡ ራሱ መኪናው በገበያ የሚሸጥ እንዲሆን ያስገድድ ነበር፤ ግሩፕ 4 በተባለው ምድብ ዘመን 400፣ በግሩፕ ቢ 200፣ በ1987 ዋና በሆነው በግሩፕ ኤ ደግሞ መጀመሪያ 5,000 መኪና መመረት ነበረበት። እንግዲህ የሻምፒዮኑ መኪና ጣራ፣ በርና መስታወት ጎረቤት በር ላይ ከቆመው መኪና ጋር አንድ ነው። ፋብሪካው በአንድ ብረት ለቤት መኪናው ወዳጅም ለራሊው ወዳጅም ይሸጣል። በዚያ ላይ የራሊ መኪና እንደ ውድድሩ ልብሱን ይለውጣል፤ ለሞንቴ ካርሎ ራሊ በረዶ አንድ ዓይነት ጎማ፣ ለአስፋልት ሌላ፣ ለአፍሪካ ጭቃ ሌላ። ይህን ሁሉ ለማሳየት የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ተጨማሪ ፍሬምና አዲስ ስቲከር ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በሳፋሪ ነው። ውድድሩ በ1953 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን መታሰቢያ ሆኖ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ተጀመረ። የሚካሄደው በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ለሌላ ተሽከርካሪ ባልተዘጋ መንገድ ላይ ነበር፤ ርዝመቱም በብዙ ዓመታት ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ከፊት ጭነት የያዘ መኪና ወይም የቀንድ ከብት መንጋ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሳፋሪ መኪና ከአውሮፓ ወንድሙ ይለይ ነበር፤ ከፊቱ እንስሳ የሚመክት ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ከፍ ብለው የታሰሩ፣ በቀን ሳይቀር የሚበሩ ፓውዛዎች፣ ኋላ ደግሞ በ1990ዎቹ መኪኖች ላይ ጎርፍ ሲሻገሩ ሞተሩ አየር የሚስብበት ወደ ጣራ የወጣ ቱቦ። የ1985ቱን የቶዮታ ሴሊካ ቲኤ64 የሳፋሪ ሳጥን የከፈተ ሰው ይህን ሁሉ በእጁ ይዳስሳል። የፊት መከላከያው ቧንቧ ከፍሬሙ ሲቆረጥ የምትቀረውን ጠብታ የምታህል ጉብታ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ግድ ነው፤ ቧንቧው ክብ ስለሆነ ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ከቀለሙ በኋላ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ስቲከሩ በውሃ ተነክሮ ከወረቀቱ ይላቀቃል፤ በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ስንጥቅ ላይ ሲያርፍ በማለስለሻ ፈሳሽ ካልተጫነ ድልድይ ሠርቶ ይቀራል። እንደ ቧንቧው ያሉ ጥቃቅን ክፍሎች በዋናው ብረት ላይ የተጨመሩ ናቸው። አፍሪካ ለፋብሪካው ተጨማሪ ፍሬም ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መራራ አነጋገር ነው፣ ግን እውነት ነው።

የጃፓን መኪና አምራቾችም በበኩላቸው ሳፋሪን እንደ ማሳያ አዳራሽ ይጠቀሙበት ነበር። ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር በ1970 በብሉበርድ፣ በ1971 በዳትሰን 240 ዜድ አሸነፉ፤ በኡጋንዳ የተወለደው ሼክሃር ሜታ በ1973 በዚሁ 240 ዜድ ደገመው። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ሚትሱቢሺ ላንሰርን በ1974 እና በ1976 ለድል አበቃ። ሴሊካ ቲኤ64 ደግሞ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ተከታትሎ ወሰደ። ድሉ ናይሮቢ ላይ ይገኛል፣ ማስታወቂያው ቶኪዮ ላይ ይወጣል፣ ሞልዱ ሺዙኦካ ላይ ይፈለፈላል። ፔጆ 404 የጠንካራ መኪና ስም በአፍሪካ ሁሉ ነበረው፤ በሺዙኦካ መንገድ ላይ ግን ልጆች ሲያልፍ የሚያዩት መኪና አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚታወቅ ነው፤ ገዢ ባይወደው ማን ይሸጥ ነበር? ፍቅር ከሌለ ሒሳቡ ራሱ አይሠራም ይባላል። አባባሉ ግማሽ ልክ ነው። ፍቅር ብቻውን የሚሠራውን ለማየት ግን ከትልልቁ ፋብሪካ ውጭ ያለውን ሥራ መመልከት ይበቃል። ትናንሽ ሠሪዎች በጎማ ቅርጽ ማውጫ ሬዚን እያፈሰሱ ማንም ያልሠራቸውን መኪኖች ይሠራሉ፤ የሚያወጡት በጥቂቱ ነው፣ ዋጋውም ከፕላስቲኩ ብዙ እጥፍ ነው፣ ጎማው ቅርጽ ማውጫም ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይበላሻል። የፍቅር አቅም እስከዚያ ድረስ ነው። አንድን መኪና ለ30 እና ለ40 ዓመት በየጊዜው እየተመረተ እንዲኖር የሚያደርገው በመጋዘን የተቀመጠው ብረት ነው። እንዲያውም አድናቂው ራሱ በብረቱ ተቀርጿል ባይ ነኝ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ የጃፓን የመኪና ሞዴሎች ሞተር ነበራቸው፤ ወለሉን ባትሪ ድንጋይ ይይዘው ስለነበር ወንበርና መሪ በቅጡ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም። ሞተሩ ሲወጣ ነው ውስጡ በዝርዝር የተሞላው፤ የብረት መከላከያ አጥንቱ፣ የእሳት ማጥፊያው፣ የረዳት ሹፌሩ መለኪያዎች ቦታ ያገኙት ያኔ ነው። ዝርዝሩን ያየ ገዢም ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ጠያቂ ሆነ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እሱም የጣሊያኑ መኪና ላንቺያ ስትራቶስ ነው። ጃፓናዊ አይደለም፤ ከተመረተው ብዛት ማነስ የተነሣ የቤት መኪና ገዢ አለው ለማለት አይቻልም፤ ቢሆንም ሃሴጋዋን ጨምሮ ብዙዎች ሠርተውታል። ከቶሪኖ ሥራ ይልቅ የሰማይ ዕቃ የሚመስለው ቅርጹ እንደረዳው አልክድም። ነገር ግን ስትራቶስ ምን ያህል ልብስ እንደለበሰ ይታይ። በ1974 የማርልቦሮ ቀለም ነበረው፤ ከ1975 ጀምሮ የአሊታሊያን ነጭ፣ አረንጓዴና ቀይ ለበሰ፤ ሳንድሮ ሙናሪ ሞንቴ ካርሎን በ1975፣ በ1976 እና በ1977 በተከታታይ አሸነፈበት። በ1975ቱ ሳፋሪም ሁለተኛና ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ቤርናር ዳርኒሽ በ1979 ሞንቴ ካርሎን፣ በ1981 ደግሞ የኮርሲካን ራሊ በሰማያዊው የሻርዶኔ ቡድን ቀለም ወሰደ። አንድ ቅርጽ፣ ከስምንት ዓመት ያላነሰ ውድድር፣ የማያልቅ ስቲከር፤ ብረቱ የሚፈልገው ይህንን ነው። በ1987 እና በ1992 መካከል ስድስት የአምራቾች ሻምፒዮና በተከታታይ የወሰደው ላንቺያ ዴልታ ደግሞ ሒሳቡን በሁለቱም በኩል ያሟላል፤ መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ውድድር ላይም ልብስ ይለውጣል።

ታዲያ በሒሳብ የተመረጠ ነገር ለታሪክ ምስክር መሆን ይችላል ወይ? ይችላል፤ ፎቶግራፍ የማያሳየውን የመኪናውን ጀርባ፣ ሆድና ውስጥ በአንድነት ያስቀምጣልና። ምስክርነቱ ግን የተቆረጠ ነው። አሪ ቫታነን በ1983 ሳፋሪን ያሸነፈበት ኦፔል አስኮና የሮትማንስ ሲጋራ ስም ነበረበት፤ ኮሊን ማክሬ በ1995 የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ሱባሩ ኢምፕሬዛም የ555 ሲጋራ ቁጥር ይዞ ነበር። የትምባሆ ማስታወቂያ በየአገሩ እየተከለከለ ሲሄድና የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ያወጣው መመሪያ በ2005 ሥራ ላይ ሲውል፣ የሞዴል አምራቾችም እነዚህን ስሞች ከስቲከር ወረቀታቸው እያወጡ መጡ። ሕጉን የሚነቅፍ አስተዋይ ሰው የለም፤ በልጆች ሳጥን ውስጥ የሲጋራ ስም መኖሩ ራሱ ነውር ነበር። ይሁን እንጂ በራሊው ወርቃማ ዘመን ገንዘቡን የከፈለው ማን እንደነበረ ከሞዴሉ ላይ አይነበብም። ጭቃውም የለም። ሳጥኑ ላይ የተሣለው መኪና አሸብርቆ ይታያል፤ ሳፋሪን የጨረሰ መኪና ግን ቀለሙ በአፈር ተሸፍኖ፣ መብራቱ ተሰብሮ የሚገባ ነበር።

የሳፋሪ መኪና ለመገጣጠም ያሰበ ሰው እንግዲህ በሳጥኑ ሥዕል አይመራ። ቁጥሩና ዓመቱ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቁጥር የሮጠውን መኪና ፎቶግራፍ ይፈልግ፤ የጎደለውን ስቲከር፣ የተጨመረውን ፓውዛና የጭቃውን ቀለም ከዚያ ይውሰድ። የኬንያ ቀይ አፈር ከሞንቴ ካርሎ አመድማ ጭቃ ጋር አንድ አይደለም።