እርሳስ ዋጥሁ ያሉት አዛውንት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በፕሊመዝ ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው ሜዳ ላይ ቀይና ነጭ የተቀባ የመብራት ማማ ቆሟል። ስሚተንስ ታወር ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ግን እዚያ አይደለም፤ ከከተማው 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር መካከል ባለው የኤዲስቶን ዐለት ላይ ነበር። ውኃው ሲሞላ ዐለቱ አብዛኛው ስለሚሸፈን የመርከበኞች መቃብር ሆኖ ኖሯል። የማማው ታሪክ ለመሐንዲሶች የታወቀ ነው። እኔ ግን ይህን ለባቻችን መጽሔት የምጽፈው ለእኛ ለሐኪሞች የሚሆን ታሪክ ስላለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በዐለቱ ላይ የመጀመሪያውን ማማ ሄንሪ ዊንስታንሊ በ1698 አበራ። በ1703 ታላቅ አውሎ ነፋስ ሲነሣ እሱም ውስጡ ነበር፤ ማማውም ሰውየውም በአንድ ሌሊት ጠፉ። ሁለተኛውን ጆን ሩድያርድ የተባለ የሐር ነጋዴ በአብዛኛው ከእንጨት ሠራው። እንጨትና ሻማ፣ መጨረሻው አያስገርምም። ለ47 ዓመታት ያህል ካገለገለ በኋላ በታኅሣሥ 1755 ከጫፉ ላይ እሳት ተነሣ።

በዚያ ሌሊት ከጠባቂዎቹ አንዱ ሄንሪ ሆል ነበሩ። ዕድሜያቸው 94 ዓመት እንደነበር ተመዝግቧል። አዛውንቱ በባልዲ ውኃ ወደ ላይ እየረጩ እሳቱን ሲታገሉ ከላይ ያለው የጣሪያ እርሳስ ቀለጠና ወረደባቸው። (እርሳስ ስል ብረቱን ነው፣ የተማሪ መጻፊያውን አይደለም።) አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ እያዩ ነበርና ቀልጦ የወረደው እርሳስ ጉሮሯቸው ውስጥ ገባ። እሳቱ ቁልቁል እያባረራቸው ጠባቂዎቹ ዐለቱ ላይ ተጠጉ፤ በኋላም ጀልባ ደርሳ አወጣቻቸው።

ያከሟቸው የፕሊመዙ ሐኪም ኤድዋርድ ስፕራይ ናቸው። በሽተኛው ሆዴ ውስጥ እርሳስ አለ፣ እሱን ካላወጣህልኝ አልድንም ይላሉ። ሐኪሙ አላመኑም። እስቲ አስቡት፤ የቀለጠ እርሳስ የዋጠ ሰው እንዴት ይናገራል? እንዴትስ ምግብ ይውጣል? አዛውንቱ ግን ይናገሩም ይውጡም ነበር፤ እንዲያውም ለጥቂት ቀን የተሻላቸው መስለው ነበር። ከዚያ ድንገት መንቀጥቀጥና ቀዝቃዛ ላብ መጣ፤ በ12ኛው ቀን አረፉ። ስፕራይ አስከሬኑን ከፈቱ። የጨጓራው መግቢያ ቆስሏል፣ ውስጡ ተቃጥሏል፤ ከጨጓራው ውስጥም ከ200 ግራም በላይ የሚመዝን ጠፍጣፋ የእርሳስ ቁራጭ ወጣ።

ስፕራይ ይህን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፉ። አሁን ደግሞ ተራው የእሳቸው ሆነ፤ ሐኪሙን ማን ይመን! ለማሳመን ብለው በውሾችና በዶሮዎች ጉሮሮ የቀለጠ እርሳስ አፈሰሱ፤ እንስሳቱም ወዲያው እንዳልሞቱ አሳዩ። በዛሬ ዐይን ጭካኔ ነው፤ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አያልፈውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፦ ከሁሉ ቀድሞ ትክክለኛውን ዲያግኖሲስ የተናገሩት በሽተኛው ራሳቸው ነበሩ። ዋርድ ውስጥ ሂስትሪ ስንወስድ "በሽተኛው እንደሚለው" ብለን የምንጽፋት ሐረግ ስንት ጊዜ ጥርጣሬያችንን ደብቃ አልፋለች? ያ ቁራጭ ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

በነገራችን ላይ እርሳስ በዚያ አገር ሆድ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ብቻ አልነበረም። ፕሊመዝ ያለችበት የዴቨን ግዛት በሳይደር፣ ማለትም ከፖም በሚጠመቅ መጠጥ፣ የታወቀ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሕዝቡ በከባድ የሆድ ቁርጠትና በእጅ መዛል ይሠቃይ ነበር። እዚያው ፕሊመዝ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጆን ሃክስሃም በሽታውን በ1739 በደንብ ገለጹት፤ ምክንያቱ ግን የሳይደሩ ኮምጣጣነት መሰላቸው። በ1767 የዴቨን ተወላጁ ጆርጅ ቤከር ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ በሌሎች ግዛቶችም ሳይደር ይጠጣል፣ ታዲያ ለምን እነሱ አይታመሙም? ልዩነቱ መጭመቂያው ላይ ተገኘ። በዴቨን ድንጋዮቹ በእርሳስ ይያያዙ ነበር። ቤከር በኬሚካል ሙከራ እርሳሱን ከመጠጡ ውስጥ አሳዩ፤ ምስጋናቸውም የሳይደር ጠማቂዎች ቁጣ ሆነ። ገበያ የሚያበላሽ ሐኪም የትም አገር አይወደድም።

ወደ ማማው ልመለስ። ከቃጠሎው በኋላ ጆን ስሚተን ሦስተኛውን በድንጋይ ሠራ። ቅርጹን ከወርካ መሰል የኦክ ዛፍ ግንድ ወሰደ፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ቀጭን። ድንጋዮቹን እርስ በርስ አጠላለፋቸው፤ ለማያያዣም ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ ፈልጎ አገኘ። በ1759 በ24 ሻማ በራ። በ1882 አገልግሎቱን ሲያቆም ማማው ደህና ነበር፤ የተጎዳው የቆመበት ዐለት ነው። ስለዚህ የላይኛውን ክፍል ፈትተው ከተማው ውስጥ መልሰው ተከሉት። የታችኛው ጉቶ እስከ ዛሬ ባሕሩ ላይ አለ።

ባለፈው ዓመት ለጥቂት ቀናት ሄጄ ወጥቼበታለሁ። 93 ደረጃ ነው፤ አንዳንዱ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነውና ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ፓስቲ የምትበሉ ከሆነም ከወረዳችሁ በኋላ ይሁን። ፓስቲ የሳምቡሳ ታላቅ ወንድም ነው፦ ሥጋ፣ ድንችና ሽንኩርት ሊጥ ውስጥ ተጠቅልሎ በምድጃ የተጋገረ፤ በወንዙ ማዶ ያሉት የኮርንዎል ማዕድን ቆፋሪዎች ምሳ ነበር። ከሻይ ጋር ደግሞ ለጋ ቅቤ የሚመስል ወፍራም ክሬምና ማርማላታ በትንሽ ዳቦ ያቀርባሉ። በዴቨን ክሬሙ ይቀድማል፣ በኮርንዎል ማርማላታው። የተሳሳተውን መጀመሪያ ከቀባችሁ አስተናጋጇ ሳቅ እያለች ታርማችኋለች። ሳይደሩንም ቀምሻለሁ፤ ለእኔ ትንሽ ይኮመጥጣል።