ጾም በስኳር ዶሮ ይፈታል?

መቼም የታሪክ አስተማሪ ሆኖ የኖረ ሰው በጡረታው ዘመን የሚቀርብለት ጥያቄ ወይ ስለ አድዋ ነው፣ ወይ ስለ መቅደላ። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ የመጣው በዶሮ በኩል ነው። ጠያቂዋም ታላቅ እህቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ፋሲካ ነበር። አሜሪካ፣ ቨርጂንያ የምትኖረው ልጃችን በሰሙነ ሕማማት ገባች። ከሻንጣዋ ውስጥ አንድ ከረጢት የደረቀ ፕሪም፣ በጠርሙስ የታሸገ የወይራ ፍሬ፣ ኬፐር የሚሉት በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ እምቡጥ አወጣች። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የፈረንጅ ዶሮ ገነጣጥላ፣ አጥባ፣ በአቼቶና በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በኦሬጋኖ ከነፕሪሙ ዘፈዘፈችው። ሲመሽ በመጋገሪያ ትሪ ላይ ደርድራ፣ ቡናማ ስኳር ነስንሳ፣ ነጭ የወይን ጠጅ ዙሪያውን አፍስሳ ኦቨን ውስጥ ከተተችው። በቃ! በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የሁዳዴ መፍቻው ደረሰ። ቤቱም ሽንኩርት ሽንኩርት ማለቱ ቀርቶ እንደ ኬክ ቤት ይሸት ጀመር።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህቴ ትሪውን አየች። አንዱን ፕሪም በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ በስኳር ዶሮ ልፍታ?» አለች። «አንተ የታሪክ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ይኸ ምግብ የማን ነው? ከየት መጣ? እስቲ ንገራታ!»

መልስ አልነበረኝም። እህቴ ዳቦና እንቁላል ቀምሳ ተኛች። ልጄም ቀና ሳትል ሳህኑን አነሳሳች። ጠዋት «ይኸን ነገር ከማን ተማርሽው?» ብላት፣ እዚያ የምትንከባከባቸው አሮጊት አይሁዳዊት ለፋሲካቸው ካላሠሯት እንደማይሆንላቸው ነገረችኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ፋሲካ በአንድ ዶሮ ላይ ተገናኘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጡረተኛ ሥራ አያጣምና ጥያቄውን ይዤ መጻሕፍት አገላብጥ ገባሁ። ያገኘሁትን ለአንባቢ አካፍላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የዶሮው ስም «ዶሮ ማርቤላ» ይባላል። ማርቤላ በደቡብ እስፓኝ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ስትሆን ምግቡ የተወለደው ግን ኒውዮርክ ነው። ጁሊ ሮሶና ሺላ ሉኪንስ የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1977 በማንሃተን አንዲት ትንሽ የምግብ መደብር ከፈቱ። ደንበኞቻቸው ከሥራ መልስ ምግብ ለማብሰል ጊዜ የሌላቸው፣ የተዘጋጀ ራት ገዝተው ወደ ቤታቸው የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። በ1982 የመደብሩን ስም የያዘ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲያወጡ ይህችን ዶሮ አስገቧት። ከዚያ በኋላ እንግዳ የጠራ ሁሉ ይሠራት ጀመር። ወተትም ቅቤም ስለሌለባት፣ ቀድማ ተሠርታ ብትቆይም ስለማትበላሽ፣ በተለይ በአሜሪካ አይሁዳውያን የበዓል ማዕድ ላይ ሥር ሰደደች።

እዚህ ላይ ብናቆም ለእህቴ የሚሰጠው መልስ «የኒውዮርክ ነው» የሚል ይሆናል። ግን ሥጋን ከአቼቶና ከደረቀ ፍሬ ጋር ማጣፈጥ በ1977 የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። ከእስፓኝ ባሕሩን ተሻግሮ ሞሮኮ የገባ ሰው ሥጋ በፕሪም፣ ሥጋ በማር ሲሠራ ያያል። ከሞሮኮ ወደ ኋላ ሲከተሉት ደግሞ መንገዱ ባግዳድ ያደርሳል።

በ1226 ሙሐመድ አል ባግዳዲ የተባለ ሰው የምግብ አሠራር መጽሐፍ ጽፏል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምግብ «ሲክባጅ» ይባላል። ሥጋው በኮምጣጤና በማር ወይም በተምር ጭማቂ ይበስልና ዘቢብ፣ በለስና ለውዝ ይጨመርበታል። ከሱ ጋር የሚዛመደው «ዚርባጅ» ደግሞ ኮምጣጤና ስኳር፣ የተፈጨ ለውዝና ሳፍሮን የሚገባበት ሲሆን የፈለገ ሰው ዶሮ ያክልበታል። በነገራችን ላይ «በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ውስጥ አንድ ሙሽራ ይህንኑ ዚርባጅ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ወደ ሙሽራይቱ ቢገባ፣ በሽታው የተቆጣችው ሙሽራ የእጅና የእግሩን አውራ ጣቶች ቆርጣበታለች። ከዚያ በኋላ ያን ምግብ በቀመሰ ቁጥር 120 ጊዜ እጁን ሊታጠብ ማለ። ለእንግዳ ማስታጠቢያ ይዘን የምንቆም ሰዎች ይህን ተረት ለመረዳት ብዙ አይከብደንም።

ሲክባጅ የሚለው ቃል ፋርስኛ ነው፤ «ሲክ» ማለት ኮምጣጤ ነው። የዐረብ ጸሐፍት እንደሚተርኩት ይህን ምግብ አብልጦ ይወድ የነበረው ከ531 እስከ 579 የነገሠው የፋርስ ንጉሥ፣ ቀዳማዊ ኮስሮ አኑሺርዋን ነው። እዚህ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ምክንያቱም ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ሳስተምረው ኖሬያለሁ። አጼ ካሌብ በ525 ባሕር ተሻግረው ከዘመቱ በኋላ በየመን የተተከለው የአበሻ ገዢዎች አገዛዝ፣ ከአብርሃ ወደ ልጆቹ ተላልፎ በመስሩቅ ጊዜ በ570ዎቹ ግድም ሲወድቅ፣ ጦር ልኮ የጣለው ይኸው ኮስሮ ነበር። ከየመን ያስወጣን ንጉሥ የሚወደው ወጥ ከ1400 ዓመት በኋላ መልኩን ለውጦ በእኔ ቤት የፋሲካ ማዕድ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እህቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ ዳቦውንም ባልቀመሰች!

ከባግዳድ ይህ አበሳሰል ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በእስላሞቹ ዘመን እስፓኝ ገባ። ሲክባጅ የሚለው ስም «ኤስካቤቼ» ሆኖ ዛሬም በእስፓኝ ኮምጣጤ ላለበት ምግብ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በ1390 ግድም የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ሪቻርድ ወጥ ቤቶች ባዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥም ዶሮና ሌላውም ሥጋ ከስኳር፣ ከለውዝና ከቅመም ጋር ይሠራል። በቱርክ ደግሞ እስከ ዛሬ የዶሮ ፈረሰኛ ክር በክር ተፈትሎ ከወተትና ከስኳር ጋር እንደ ጣፋጭ ይበላል።

ታዲያ «ሥጋ ከስኳር ጋር አይሄድም» የሚለው ሕግ ከየት መጣ? ለአውሮፓ ከሆነ መልሱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ስኳር የመኳንንት ቅመም ሆኖ በቁንጥጫ በሚሰፈርበት ዘመን ወጥ ውስጥ መጨመሩ ክብር ነበር። በባርነት በተጋዙ አፍሪካውያን ጉልበት በብራዚልና በካሪቢያን ደሴቶች የሸንኮራ እርሻ ሲስፋፋ ግን ስኳር ረከሰ፤ ተራው ሰውም አገኘው። ሌላው ሁሉ የሚበላው ነገር ደግሞ ለመኳንንት አያኮራም። ላቫሬን የተባለው የፈረንሳይ ወጥ ቤት በ1651 ባሳተመው መጽሐፍ የሚታየው አዲስ አበሳሰል በቅቤ፣ በቅጠላ ቅጠልና በሥጋው በራሱ ጣዕም ላይ ያተኩራል። ስኳርም ቀስ በቀስ ወደ ማዕዱ መጨረሻ ተገፋ። እንግዲህ ፈረንጅ ራሱ ጣፋጭን ከጨው ከለየ ገና አራት መቶ ዓመት አልሞላውም።

የእኛስ? ዶሮን ብንወስድ እንግዳ ናት። ዘሯ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዶሮ ነው። ሆኖም ቤተኛ ከሆነች ሰንብታለች። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለ ሥፍራ በቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ መካከል የሚመደብ ሲሆን በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው። በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነውና ኮሎምቦስ በ1492 አትላንቲክን ከማቋረጡ በፊት ወደኛ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ ቀዩ ዶሮ ወጣችን፣ የአባቶቻችን የምንላት፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ሊኖራት አይችልም። ካሌብ አልቀመሷትም። ላሊበላም አልቀመሷትም። ከዚህም ሌላ በዶሮ ወጥ ውስጥ ጣፋጭ የለም ያለው ማን ነው? ያ ሁሉ ሽንኩርት በዝግታ ሲቁላላ የሚያወጣው የራሱን ስኳር ነው። እናቶቻችን ስኳርን ከወንጂ ሳይሆን ከሽንኩርት ነው ሲያወጡት የኖሩት።

ይህን ሁሉ በወረቀት አሰናድቼ አንድ እሑድ እህቴ ዘንድ ሄድሁ። ቡና እያፈላች ሙሉውን አዳመጠችኝ። ከኮስሮ እስከ ላቫሬን፣ ከመዝብር እስከ ወንጂ። ስጨርስ ሁለተኛውን ቀድታ ሰጠችኝና፦

«እኔ የባግዳድን ንጉሥ መች ጠየቅሁህ?» አለችኝ። «ምግቡስ ቢጣፍጥ ቢመር ምን ገዶኝ። ያቺን ልጅ እናቷ በሞተች በዓመቷ፣ በፋሲካ ሌሊት ብቻዋን ወጥ ቤት ምን አስገባት ነው ያልሁት። አንዱ ያርዳል፣ አንዱ ይለበልባል፣ አንዷ ትከትፋለች፣ አንዷ ታማስላለች። ዶሮ ወጥ በቤት ሰው ነው የሚሠራው። እኔም አልመጣሁላትም፤ አንተም ሳሎን ቁጭ ብለህ ራዲዮ ትሰማ ነበር። ስኳሩን የተቆጣሁት ሌላ የምቆጣው ሰው ስላጣሁ ነው።»

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት።

ከዚያ ወዲህ ነው ታሪኩን ሳነብ ያለፍሁት ነገር የታየኝ። ዶሮ ማርቤላ በ1977 ኒውዮርክ ውስጥ የተወደደችው ስለጣፈጠች ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ ከሥራ መልስ ሊያደርሳት ስለሚችል ነው። ልጄም ያመጣችልን የባዕድ ጣዕም ሳይሆን የኑሮዋን ልክ ነበር። በስልክ ስጠይቃት «አባዬ፣ እዚህ ሽንኩርት ሊከትፍልኝ የሚመጣ ጎረቤት የለም። እማዬም አዲስ አበባ ሆና መጨረሻ መጨረሻው ላይ ብቻዋን ነበር የምትሠራው» አለችኝ። እውነቷን ነው። አርባ ዓመት በትዳር ስኖር አሥራ ሁለቱ ብልት ከነስማቸው ይቀርብልኝ ነበር፤ ፈረሰኛውም የእኔ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዶሮ በሎሚና በጨው አጥቤ አላውቅም። የሌላ አገር ነገሥታትን ማዕድ ስመረምር የራሴን ወጥ ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ አርጅቻለሁ።

በዘንድሮው ፋሲካ ልጄ ፈቃድ ስላላገኘች አልመጣችም። ስለዚህ እኔ ገባሁ። መሞከር ለሚፈልግ የእኔ ቢጤ ልኩን ልንገር። ለአንድ የፈረንጅ ዶሮ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ሦስት አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተቀጥቅጦ፣ አንድ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ አሥር ያህል የደረቀ ፕሪም፣ ያንኑ ያህል የወይራ ፍሬ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ቢቻል አሳድሩት። ከዚያ ትሪ ላይ በአንድ ረድፍ ደርድሩትና ሩብ ስኒ ስኳር ነስንሱበት፤ ሩብ ስኒ ነጭ የወይን ጠጅ ዙሪያውን አፍስሱ። በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ መረቁን በየመሐሉ በማንኪያ እያነሱ ማልበስ ነው። ታፋው ሲወጋ የሚወጣው ውኃ ከጠራ በስሏል። የአበሻ ዶሮ ጡንቻው ጠንካራ ነውና በአንድ ሰዓት እበስላለሁ አይልም፤ ለሱ የድስቱ ጉዞ ይሻለዋል። እኔ ቡናማውን ስኳር አጥቼ ማር አደረግሁበት። የባግዳዶቹም ያደርጉት ነበርና አላፈርሁም።

ቅዳሜ ማታ እህቴ ሽንኩርቷን በዘንቢል ይዛ መጣች። የሷ ድስት አንዱ ምድጃ ላይ፣ የእኔ ትሪ ኦቨን ውስጥ። ሽንኩርቱን እኔ ከተፍሁ፤ እሷ አቁላላች። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕድ ስንቀርብ መጀመሪያ ዶሮ ወጧን አቀረበች፤ ፈረሰኛውን አንስቼ ለሷ ሰጠኋት። ከዚያ ትሪውን ገለጥሁት። አንዲት ቁራጭ በእንጀራ ጠቀለለችና ጎረሰች። አላመጠች። ዝም አለች።

«ጨው አንሶታል» አለችኝ፤ ደግማም አነሳች።