የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የተሻገረበት መንገድ

ተማሪውን ከመሬት ሳያነሡ በረራን ማስተማር ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ፣ በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ በቀሰመው ሙያ፣ አየር ሲሞላና ሲጎድል በሚያዘነብሉት ወናፎች የሚንቀሳቀስ ማሠልጠኛ ሠራ። የቀጥቃጭን ወናፍ ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንም። በዚህ መሣሪያ የበረራው ዕውቀት ከአካሉ ጋር የተዋሐደ ስለነበረ፣ ለብቻው ወደ ሌላ መሣሪያ ሊሻገር አይችልም ነበር።

ኮምፒዩተር የአይሮፕላንን ጠባይ በሒሳብ ቀመር ለመግለጽ ባስቻለ ጊዜ ይህ እስራት የተፈታ መሰለ። ይሁንና ሌላ ተተካ። ብሩስ አርትዊክ እ.ኤ.አ. በ1975 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ካቀረበው ጥናት ተነሥቶ ለአፕል 2 ያዘጋጀው ፕሮግራም፣ የመሣሪያው አቅም ጠባብ በመሆኑ፣ በዚያው መሣሪያ የውስጥ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 በማይክሮሶፍት በኩል ለአይቢኤም ኮምፒዩተር ሲወጣ እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ሆነ። ይኸኛውም የአይቢኤምን የውስጥ ክፍሎች በቀጥታ የሚያዝዝ ስለነበረ፣ «ከአይቢኤም ጋር ይስማማል» የተባለ የሌላ ፋብሪካ መሣሪያ ይፈተን የነበረው በዚሁ የጨዋታ ፕሮግራም ነው። በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ ብቻ የተመሠረተ የትምህርት ፕሮግራምም ከመሣሪያው ጋር አብሮ እንደሚያረጅ የዕቅድ ባለሙያ ሊዘነጋው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዴቪድ መር ሐሳቡን ያቀረበው ፍላይትጊር ግን ከመነሻው በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነበር። በከርቲስ ኦልሰን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የበረራውን ስሌት የወሰደው በናሳ የላንግሌይ ምርምር ማእከል በሲ ቋንቋ ከተጻፈው ላርሲሲም ነው። ፕሮግራሙን ማንም ሰው እንዲያነበውና እንዲያሻሽለውም ተፈቀደ። አስቸጋሪው ሥራ የነበረው ከስሌቱ ይልቅ ጥቃቅን በሚመስለው ነገር ላይ ነው። አንዳንዱ ኮምፒዩተር ቁጥርን ሲያስቀምጥ ትልቁን ክፍል ያስቀድማል፤ የኢንቴል ደግሞ ትንሹን። በአንዱ የተዘጋጀ የመልክዐ ምድር መዝገብ በሌላው ሲነበብ ተራራው ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ መዝገቡ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል እንዲጻፍና ተቃራኒው መሣሪያ ሲያነብ እንዲገለብጠው ተደረገ።

በኋላም ጄኤስቢሲም የተባለው የበረራ ስሌት ፕሮግራም ከፍላይትጊር ጋርም ሆነ ያለ እርሱ የሚሠራ ሆነ። በዚህ ፕሮግራም የአይሮፕላኑ ክብደት፣ የክንፉ ስፋትና የሞተሩ ኃይል የሚገለጹት መምህርም ሆነ ተማሪ ከፍቶ ሊያነበው፣ ቁጥሩንም ለውጦ ውጤቱን ሊያይ በሚችለው ተራ የጽሑፍ መዝገብ ነው።