የገላባት ደብዳቤዎችና የሩቁ መዝገብ ቤት

ስለ መተማ ጦርነት ስናስተምር ጎራዴውንና ጠመንጃውን እናነሣለን እንጂ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። (መተማና ገላባት በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ከተሞች ስለሆኑ ውጊያውን እኛ በአንደኛው፣ ሌሎች በሁለተኛው ስም ይጠሩታል።) ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመቍሰላቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ለገላባቱ አዛዥ ለሐምዳን አቡ ዓንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ሐሳባቸውም እርስ በርስ መፋጀቱ ቀርቶ ሁለቱም ወገኖች ከአውሮፓውያን ቢጠነቀቁ ይሻላል የሚል ነበር። ተቀባይነት ግን አላገኘም።

የአቡ ዓንጃ የበላይ የነበረው ኸሊፋ አብዱላሂ የሚቀመጠው ኦምዱርማን ነው። ርቀቱ በቀጥታ ቢለካ እንኳ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ግመል ነበር። እንግዲህ አንድ አዛዥ መቶ ጥያቄ ቢኖረው ሁሉንም በአንድ ወረቀት ቢያጠቃልል አንድ ምልልስ ይበቃዋል። እያንዳንዱን ለየብቻ ጽፎ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ዘመኑ ያልቅበታል።

ኦምዱርማን እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወድቅ የማህዲስቶቹ ወረቀት በብዛት ተማረከ። ኋላም ካርቱም መዝገብ ቤት ገብቶ በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ፒ. ኤም. ሆልት መረመረው።

ዛሬ እንዲህ ያለ የሰነድ ክምችት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በኮምፒዩተር ሲቀመጥና በኔትወርክ ለትምህርት ቤቶች ሲከፈት፣ ያው የግመሉ ችግር ተመልሶ ይመጣል። 10,000 ገጽ በአንድ ፎልደር ተከምሮ ተማሪው ሲከፍተው የሚያየው ባዶ መስኮት ነው። ብዙዎች በመስመሩ ቅጥነት ያሳብባሉ፤ እኛ ግን ነገሩ ከዚህ የራቀ ይመስለናል። ሳን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለው የፋይል መጋሪያ ዘዴ፣ ዝርዝር ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚመልሰው በመሠረቱ ስሞቹን ነበር። መጠኑንና ቀኑን ለማወቅ ስለ እያንዳንዱ ፋይል እንደገና መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። አንዱ ምልልስ 20 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ ተራ በተራ የሚጠየቀው 10,000 ጥያቄ 200 ሰከንድ፣ ማለትም ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መስመሩ ባዶውን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነው ሦስተኛው እትም ስምና መግለጫው ባንድነት እንዲላክ ፈቀደ፤ አዛዡ ጥያቄውን በአንድ ወረቀት እንደ ማጠቃለሉ ማለት ነው።

በሰርቨሩም በኩል ሌላ ጣጣ አለ። የቀድሞዎቹ የዩኒክስ ኮምፒዩተሮች አንድን ስም የሚፈልጉት ዝርዝሩን ከራሱ ጀምረው በተራ በማንበብ ስለነበር፣ ፎልደሩ በገፋ ቍጥር ፍለጋው ይረዝማል። ኋላ የመጡት ማውጫ ጨመሩለት።

ስለዚህ ሰነድ የምንሰበስብ መምህራን ክምሩን በዓመትና በቦታ መከፋፈል ይገባናል። «ገላባት 1881» በሚል ፎልደር መቶ ገጽ ብቻ ቢኖር፣ የዐፄ ዮሐንስን ደብዳቤ የሚፈልግ ተማሪ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ አግኝቶ ያነበዋል።