የመኪናው ልጅ

ጠጋ በሉ፣ ሌሊቱ ገና ነው። ዛሬ የማወጋችሁ የነገሥታት ወሬ አይደለም። በደጃችን አልፈው ስለሄዱ ሰዎች ነው፤ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የሚያውቅ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል።

ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው። ሰሜኑ በድርቅ ተመትቶ፣ ኮረም ላይ ሰው በየድንኳኑ እያለቀ፣ መንግሥት ሰፈራ የሚባለውን ነገር አወጀ፤ አውጆም አልቀረ፣ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከየቀዬው አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጋዘው። ከዚያ ሁሉ ከ80 ሺህ በላይ የሚሆነው የደረሰው ጎረቤታችን መተከል፣ በለስ ሸለቆ፣ ፓዊ ነው። ወሎዬው የመጣው ረኃብ አስነሥቶት ነው። ከምባታውንና ሐድያውን ግን ያስነሣው የመሬት ጥበት ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከእኛ በር በቀር መግቢያ አልነበራቸውም። ጎሃ ጽዮን ላይ የአባይን በረሃ ቁልቁል ወርደው፣ ደጀን ላይ ወጥተው፣ ደብረ ማርቆስን አልፈው፣ ከዚያ ደምበጫ፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ኮሶበር ላይ ብርዱ አጥንታቸው ድረስ ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈው ቻግኒ፣ ከዚያም ቆላው።

ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር። መኪኖቹ ተከታትለው ሲመጡ ቀድሞ የሚታየው አቧራው ነው፤ እኛ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ሰዎቹ ቅንድባቸው ድረስ ነጥተው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ያረጁ ይመስሉ ነበር። አንድ ቀን ከቡሬ መግቢያ አንዱ መኪና ውኃ ሊጨምር ቆመ። አያቴ ንፍሮ በሰፌድ፣ ውኃ በጣሳ ይዛ ወጣች፤ እኔም ነጠላዋን ጨብጬ ተከተልኋት። ከላይ አንድ ትንሽ እጅ ወረደ። ጣሳውን ተቀበለ፣ ግማሹን ጠጣ፣ ግማሹን ለእናቱ አቀበለ፣ እናቲቱ ስትጨርስ የጣሳውን አፍ በሸሚዙ ጫፍ ዙሪያውን ጠረገና ለአያቴ መለሰላት። «ስምህ ማነው የኔ ልጅ?» አለችው። ነገራት፣ ወይም የነገራት መሰላት፤ ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁን ዋጠው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማነው ከሰፈራው ከተመለሱት ነው። እዚያ ሣሩ ሰው ይውጣል፤ ሽመሉ ጫካ ነው። ጎጆ ለመቀለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይቀር ዘምቷል። ባዶ መሬት ነው ተብሎ ነበር፤ ባዶ መሬት ብሎ ነገር የት አለና! ጉሙዙ እርሻውን እያዘዋወረ፣ አሳርፎ እየተመለሰ፣ እያደነና ማር እየቆረጠ የሚኖርበት አገር ነው፤ ያረፈውን መሬቱን ባዶ ብለው አረሱበት። የዚያ ቂም ኋላ በሁለቱም ወገን ደም አፍስሷል።

መንደሮቹም ስም አልወጣላቸውም። መንደር 2፣ መንደር 7፣ መንደር 14 ተባሉ። የደጋ ሰው ወባን አያውቃትም፤ እሷ ግን የደጋ ሰው ሲመጣ ታውቃለች። በሕፃናቱ ጀመረች፣ ከዚያ ወደ አዛውንቶቹ። እናንተም ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ሰው ሲሞት አልቃሿ አባቱን ትጠራለች፣ አያቱን ትጠራለች፣ ያረሰውን መስክና የተሻገረውን ወንዝ ትጠራለች። እዚያ ግን አልቃሽም ብትገኝ የሟቹን ወንዝ አታውቅም። እድሩ አገር ቤት ቀርቷል። ትኩሳት የያዘው ሰው ትኩሳት የገደለውን ተሸክሞ ወስዶ፣ አፈር መልሶ፣ ወደ ሥራው ይገባል፤ ሥራው በነጥብ ይቆጠራልና ለቅሶ ነጥብ የለውም።

በ1978 ጣልያኖች የጣና በለስን ፕሮጀክት ይዘው መጡ። ትራክተር ገባ፣ ሆስፒታል ተሠራ፤ ሆስፒታሉ ስንቱን እንዳተረፈ መካድ ግፍ ነው። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ጣልያኖቹ ወጡ፣ ትራክተሩም ቆመ። (ያን ፕሮጀክት ይሠራ የነበረው ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ ኋላ ተመልሶ የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ፣ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አስመርቋል። ወንዙ አልተቀየመውም።) ከሰፋሪው የቀረው ቀረ፤ ልጆቹ ዛሬ ሰሊጥና በቆሎ እያመረቱ «የፓዊ ልጅ ነኝ» ይላሉ። ያልቻለው ግን በእግሩ ተመለሰ።

ከተመላሾቹ አንዱ አንድ ማታ እኛ ቤት አደረ። አያቴ እግሩን አጠበችው፣ እንጀራ አቀረበችለት፣ ከዚያ «አገርህ የት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«መንደር 7።»

«ይሄ ቁጥር ነው እንጂ አገር ነው?»

ሰውየው ዝም ብሎ እሳቱን አየ። ቆይታ ስለዚያ ልጅ ጠየቀችው፤ የሸሚዙን፣ የጣሳውን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው። «እማማ፣ የስንቱን ልጅ ልንገርዎ?» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ በማለዳም ስንቁን ይዞ ወደ ደምበጫ አቀና።

በዓመቱ ለአያቴ ሟች ባል ተዝካር ወጣ። የነፍስ አባቷ የሟቾችን ስም እየጠየቁ ሲጸልዩ፣ በመጨረሻ ጠጋ ብላ «አንድ ልጅ አለኝ፣ እሱንም ያስቡልኝ» አለች።

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

«አላውቀውም አባ።»

«መሞቱንስ በምን አወቅሽ? በሕይወት ካለ እኮ ከሙታን ጋር አይጠራም።»

አያቴ ጥቂት አሰበች። «እንግዲያ ለሁለቱም ያስቡልኝ፤ ካለም ለዕድሜው፣ ከሌለም ለነፍሱ።»

«ማን ብዬ ልጥራው ታዲያ?»

«ጠጥቶ ጣሳውን ጠርጎ የመለሰው ይበሉት።»