ሰው የተለየው ስታዲዮም

ኢያሱ ከዮርዳኖስ ወንዝ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስወጥቶ ባቆመ ጊዜ፥ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይናገራሉ ብሎ አልነበረም፤ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱላቸው ነው እንጂ። የሚጠይቅ ልጅና የሚመልስ አባት ከታጡ ግን ዐሥራ ሁለቱም ተራ የወንዝ ድንጋዮች ናቸው። ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ የምተርከው በሩቅ አገር፥ በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ ስለ ነበረ አንድ ስታዲዮም ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በ1944 ዓ.ም. የዋርሶ ሕዝብ በጀርመን ወራሪ ላይ ተነሥቶ ስድሳ ሦስት ቀን ከተዋጋ በኋላ ተሸነፈ። ወራሪውም ድል ማድረጉ አልበቃው ብሎ፥ የተረፈውን ሕዝብ ከከተማው አስወጣና ቤቱን በየመንገዱ እየተከተለ በእሳትና በድማሚት አፈረሰው። ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱት ሰዎች ያገኙት የጡብ ክምር ነበር። ከዚያም ፍርስራሽ ብዙውን በቪስቱላ ወንዝ ማዶ፥ ፕራጋ በሚባለው ወገን ወስደው እንደ ቀለበት አድርገው ከመሩት፤ በክምሩም ላይ መቀመጫ ደረደሩበት። እንግዲህ ኳስ ለማየት የመጣ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው፥ ምናልባት ሳያውቀው፥ በገዛ ቤቱ ወይም በጎረቤቱ ቤት ፍርስራሽ ላይ ነበር።

ሥራው ዐሥራ አንድ ወር ብቻ ፈጅቶ ስታዲዮሙ በጁላይ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመረቀ። ስሙም «የዐሥረኛው ዓመት ስታዲዮም» ተባለ። ዐሥር ዓመት የተባለው በጁላይ 1944 ዓ.ም. የታወጀው የኮሙኒስቶቹ ዐዋጅ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ቆጥሮ የሚያይ ተማሪ ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ያገኛል፤ ቢያገኝም ስሕተቱ የእርሱ አይደለም። ቦታው ከሰባ ሺሕ በላይ ሰው ይይዝ ነበር። በዚያው በጋ ዓለም አቀፉ የወጣቶችና የተማሪዎች በዓል ተደረገበት፤ በ1958 ዓ.ም. የፖላንድና የአሜሪካ ሯጮችና ዘላዮች ተወዳደሩበት። መንግሥቱም የመከር በዓሉን የሚያከብረው በዚሁ ሜዳ ነበር።

ከነዚህ የመከር በዓላት በአንዱ፥ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1968 ዓ.ም.፥ ሪሻርድ ሺቪየትስ የሚባሉ የ59 ዓመት ሰው ከሕዝቡ መካከል ተቀምጠው ነበር። ሥራቸው የሒሳብ ሠራተኛነት ሲሆን፥ የአምስት ልጆች አባት፥ በጦርነቱም ዘመን በስውሩ ጦር ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ከፕሸሚሽል ከተማ በባቡር የመጡት ዘፈን ለመስማት አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት የሶቪየትና የተባባሪዎቿ ጦር፥ የፖላንድም ወታደሮች ሳይቀሩ፥ ቼኮስሎቫኪያን ወርረው ነበርና፥ ይህን ግፍ አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። ቃላቸውን አስቀድመው በቴፕ ቀርጸው ቤታቸው አስቀመጡ። ከዚያም ሕዝቡ መቶ ሺሕ በሚጠጋበት፥ የአገሪቱም መሪ ጎሙውካ ከክብር ሰገነት ሆኖ በሚመለከትበት በዚያ በዓል፥ የሚቀጣጠል ፈሳሽ በሰውነታቸው ላይ አፍስሰው እሳት ለኰሱ። በአጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ደንግጠው እሳቱን ለማጥፋት ተረባረቡ። ሙዚቃው ግን አልቆመም፤ በሜዳውም የሚጨፍሩት ጭፈራቸውን አላቋረጡም። ሺቪየትስ ከአራት ቀን በኋላ በሆስፒታል ሞቱ፤ ጋዜጦቹም አንድ ቃል አልጻፉም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በራሱ ላይ ያደርግ ዘንድ አልመክርም፤ ነፍስ የእግዚአብሔር ናትና። የሚያሳዝነኝም የሚያስቈጣኝም ግን ሌላው ነገር ነው። መቶ ሺሕ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ ያየው ጥቂቱ ብቻ ሆነ፤ ያየውም ወደ ቤቱ ገብቶ አፉን ዘጋ። የፈራውን ሰው ከሩቅ ሆኜ አልፈርድበትም። ዳሩ ግን አንድ ትውልድ ዝም ሲል የሚከተለው ትውልድ ምን ብሎ ይጠይቃል? ከዘመን በኋላ ማቼይ ድሪጋስ የሚባል የፊልም ሠሪ ተነሥቶ የዐይን ምስክሮችን እየፈለገ አናገረ፤ በመዝገብም ቤት ሰባት ሴኮንድ ብቻ የሚሆን ፊልም አገኘ። በ1991 ዓ.ም. ያወጣው ሥራ ነው የእኒህን ሰው ታሪክ ለአገራቸው ያስታወቀው።

ወደ ስታዲዮሙ ልመለስ። የፖላንድ ብሔራዊ ቡድን በዚያ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በኤፕሪል 1983 ዓ.ም. ከፊንላንድ ጋር ሲሆን፥ አንድ ለአንድ ወጡ። በጁን ወር ደግሞ ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ቅዳሴ ቀደሱበት። ከዚያ በኋላ ዕንጨቱ በሰበሰ፤ በመቀመጫዎቹ መካከል ሣርና ቍጥቋጦ በቀለ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮም በዙሪያው ታላቅ ገበያ ቆመ። ከሶቪየት አገሮች፥ ከአፍሪካና ከቬትናም የመጡ ነጋዴዎች ከጫማ እስከ ሙዚቃ ካሴት ድረስ ያልሸጡት ነገር አልነበረም። የከተማው ጨዋ ሰዎች ስፍራውን ይንቁት ነበር፤ ቢንቁትም ልብሳቸውን ከዚያው ይገዙ ነበር።

ቦታው ለአዲስ ስታዲዮም ሊፈርስ በተቃረበ ጊዜ፥ ዮአና ቫርሻ የተባለች የሥነ ጥበብ አዘጋጅ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ፍርስራሽ ውስጥ ልዩ ልዩ ሥራዎችን አዘጋጀች። ሥራዎቹ በግድግዳ ተሰቅለው የሚታዩ ሥዕሎች አልነበሩም፤ የመጣው ሰው ራሱ ካልገባበት የማይፈጸሙ ነበሩ። በመጀመሪያው ሥራ ጎብኚዎች የተቀረጸ ድምፅ በጆሮአቸው እየሰሙ በቬትናማውያን ነጋዴዎች መካከል ይዘዋወሩ ነበር። ለዓመታት ሸሚዝ የገዙባቸውን ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ያወቁት ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ በ2007 ዓ.ም. የተደረገው ነው። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ ፖላንድ ቤልጅግን በባርሴሎና ሦስት ለባዶ ስታሸንፍ ሦስቱንም ጎል ያገባው ቦኒየክ ነበር። ማሲሞ ፉርላን የተባለ የስዊስ አርቲስት የቦኒየክን ማልያ ለብሶ፥ ያለ ኳስ፥ ያለ ባልንጀራና ያለ ተጋጣሚ፥ ያን ጨዋታ በባዶው ሜዳ ብቻውን ደገመው። ቶማሽ ዚሞህ የሚባለው የሬዲዮ ስፖርት ዘጋቢ ጨዋታውን እንደ እውነተኛ አድርጎ ያስተላልፍ ነበር።

ወሬውን መጀመሪያ ሳነብ ሣቅሁ። ጎልማሳ ሰው አየር ሲራገጥ ማየት ምን ይረባል አልሁ። ኋላ ግን ሳስበው፥ ያ ሰው ሲሮጥ ኳሱን፥ ተከላካዮቹንና መረቡን የጨመሩት ተመልካቾቹ ነበሩ። በቅጠልና በሣር መካከል የተቀመጠው ሁሉ በዚያ ምሽት በ1982 ዓ.ም. የት እንደ ነበረ፥ ከማን ጋርስ እንዳየ ማስታወስ ነበረበት፤ ካላስታወሰ የሚያየው አንድ ያበደ ሯጭ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያልተወለደው ልጅም በአጠገቡ ያለውን ሽማግሌ ሳይጠይቅ አልቀረም። በ1968 ዓ.ም. ሞልቶ ሳለ ያጣው ነገር፥ ባዶውና ሊፈርስ የተቃረበው ስታዲዮም በዚያ ቀን ተሰጠው።

በ2008 ዓ.ም. ማፍረሱ ተጀመረ። በስፍራው የተሠራው ብሔራዊ ስታዲዮም በ2012 ዓ.ም. ተከፍቶ የአውሮፓ ዋንጫ መክፈቻ ጨዋታ ተደረገበት። በአጠገቡ ያለው ጎዳና ዛሬ በሺቪየትስ ስም ይጠራል፤ የመታሰቢያ ድንጋይም ቆሞላቸዋል። ቬትናማውያን ነጋዴዎች ግን ብዙዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ከከተማው በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ቩልካ ኮሶፍስካ ገበያ ሄዱ፤ ስለ ስታዲዮሙ ዘመን ከእነርሱ አፍ መስማት የሚሻ ሰው እስከዚያ ድረስ ሄዶ መጠየቅ አለበት።