የፍቅር ፊልም፣ የቪዲዮ ካሴትና የመተማ ጎዳና

መተማ በታሪክ መጻሕፍት በተነሣች ቁጥር አስቀድሞ የሚታወሰው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ለሞት የሚያበቃ ቁስል የቆሰሉበት ጦርነት ነው። የድንበሩ ከተማ መተማ ዮሐንስ እየተባለ የሚጠራውም በእርሳቸው መታሰቢያ ነው። ይሁን እንጂ መተማ የጦር ሜዳ ብቻ አልነበረችም፤ የገበያ በርም ነበረች። ቡናና ሰም፣ ጥጥና ከብት፣ በክፉው ዘመን ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች በዚህ በር አልፈዋል። ስለ ንግዱና ስለ ጦርነቱ ብዙ ተጽፏል። በዚሁ ጎዳና ወደ ቆላው ስለ ወረደው ኪነ ጥበብ፣ በተለይም ስለ አማርኛ የፍቅር ፊልም፣ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ ልብ ወለድ ፊልም የተወለደው በከተማ ነው። በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በኢላላ ኢብሳ አቅራቢነትና በላምብሮስ ጆካሪስ አዘጋጅነት በጥቁርና ነጭ የተሠራ የመጀመሪያው ረዥም ፊልም ነበር። ቀጥሎ በ1966 ዓ.ም. የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» መጣ፤ የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር» ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ ለሕዝብ ታየ። ይህ ዘመን የሴሉሎይድ ዘመን ነው። ዘጠና ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ሴሉሎይድ ሲታተም ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ይኖረዋል። ይህን ለማሳየት ከባድ የማሳያ መሣሪያ፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ሰፊ አዳራሽ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ እነዚህ ሁሉ ነበሯት፤ ጎንደርም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ሲኒማ ቤት ነበራት። ከጎንደር ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ተወርዶ ለሚደረስበት የመተማ ቆላ ግን ፊልም የሩቅ አገር ወሬ ነበር።

በአንጻሩ የፍቅር ዘፈን ድንበር የሚያግደው አልነበረም። የሱዳንም ሆነ የኢትዮጵያ ዘፈን ባብዛኛው በአምስት ድምፅ ቅኝት የተመሠረተ በመሆኑ፣ የኦምዱርማን ሬዲዮና የድምፅ ካሴት የእነ ሙሐመድ ወርዲን ዜማ ወደ ኢትዮጵያ አምጥተዋል፤ የአማርኛ ዘፈንም በሱዳን ወዳጆችን አፍርቷል። በእጅ የሚያዝ፣ በኪስ የሚገባ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ካሴት አዳራሽ የማያደርሰውን ማድረስ እንደሚችል አስቀድሞ ያሳየው ዘፈን ነው ለማለት ይቻላል።

በ1969 ዓ.ም. መባቻ በጃፓን ለገበያ የቀረበው ቪ ኤች ኤስ የተባለው የቪዲዮ ካሴት ይህንኑ ዕድል ለፊልም ሰጠ። በኢትዮጵያ ለውጡ ጎልቶ የታየው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው። በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን በ1991 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ በሴሉሎይድ ፊልም ለመሥራት የሚችል የመንግሥት ተቋም አልቀረም። ወጣት አዘጋጆች ግን የሠርግ መቅረጫ የነበረውን የቪዲዮ ካሜራ አንሥተው ልብ ወለድ ይሠሩበት ጀመር። የመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ፊልሞች የተመለከታቸው ሕዝብ ያገኛቸው በካሴት አከራይ ሱቆችና በቪዲዮ ቤቶች ነው፤ ታላላቆቹ ሲኒማ ቤቶች በቪዲዮ ለተሠራ የአማርኛ ፊልም በራቸውን በሰፊው የከፈቱት በ1990ዎቹ አጋማሽ ነበርና። በሌላው ዓለም ፊልም ከአዳራሽ ወደ ቤት ይገባል፤ በኢትዮጵያ የቪዲዮ ፊልም ግን ከቤት ተነሥቶ ወደ አዳራሽ ወጣ። የዚህን ጥበብ ታሪክ ከአዲስ አበባ አዳራሾች ብቻ ተነሥቶ መጻፍ የማይቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ቪዲዮ ቤት የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻና ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ጠባብ ክፍል ነበር። የህንድና የአሜሪካ ፊልም በሳንቲም ይታይበታል። ለከተማ ምሁር ይህ ቤት የሥራ ፈቶች መዋያ መስሎ ይታይ ይሆናል። የቆላውን ኑሮ ያየ ግን ትርጉሙን አይስተውም። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው የሚወርደው ሠራተኛ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ይህ ሕዝብ ከሚስቱ፣ ከእጮኛው፣ ከእናቱ ተለይቶ፣ ሙቀቱን፣ ወባውንና ካላ አዛርን ተቋቁሞ የሚሠራ ሕዝብ ነው። መለየትና መጠበቅ ለእርሱ የፊልም ታሪክ ሳይሆን የዕለት ኑሮው ነው። ስለዚህም የፍቅር ፊልም ከማንም ይልቅ የሚመለከተው እርሱን ነበር።

ለዚህ ጉዳይ ከቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የታየው ይህ ፊልም የወጣቶችን ፍቅር ከኤች አይ ቪ ጋር ያገናኘ ነው። አዘጋጁ ለድርጅቱና በኋላም ለሲኒማ ቤቱ ያወጣው ስም ሴባስቶፖል ነው፤ ይኸውም የቋራው ካሣ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ በጋፋት ያሠሩት መድፍ ስም ነው። ፊልሙ በወጣበት ዘመን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለድኻ የሚቀመስ አልነበረም፤ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ከሱዳን ነዳጅ የሚያመላልሱ ቦቴዎች የመተማን መንገድ ያጨናንቁ ነበር። የጤና ባለሙያዎችም መተማን የበሽታው ሥጋት ከበረታባቸው የመተላለፊያ ከተሞች አንዷ አድርገው ይቆጥሯት ነበር። ፖስተርና የስብሰባ ንግግር «ተጠንቀቁ» ይላሉ። የፍቅር ፊልም ግን የሚወድ ሰው ለሚወደው እውነቱን መንገር ለምን እንደሚከብደው ያሳያል። ትምህርቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው አዳራሽ በሌለበት አገር ነበርና፣ የፊልም ወደ ቤት መግባት ከንግድ ያለፈ ፋይዳ ነበረው።

ከካሴቱ ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ። አንዱ ሰሌዳ ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ረዥሙ ፊልም ለሁለት ተከፍሎ ይሸጥ ነበር። ምስሉ ከሲኒማው የደበዘዘ ቢሆንም ዋጋው ርካሽ፣ ማጫወቻውም በየቤቱ የሚገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ገጽ አለው። ሰሌዳው ለመግዛት እንደቀለለ ሁሉ ለመስረቅም ቀለለ። አዘጋጁ ዓመት የደከመበት ሥራ በአንድ ሌሊት ተባዝቶ በየመንደሩ ይቸረቸር ጀመር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ቢከለክልም፣ የሕጉ ክንድ ከዋና ከተማው በራቀ ቁጥር እየላላ መሄዱ አልቀረም። አዘጋጆች ፊልማቸውን በአዳራሽ ብቻ ይዘው የቪሲዲውን መውጫ ለወራት ማዘግየት የመረጡትም ስለዚህ ነው። በዘገየ ቁጥር ግን አዳራሽ የሌለው ሕዝብ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ሲሰለቸውም የተሰረቀውን ይገዛል። የቆላው ተመልካች የማየት መብትና የአዘጋጁ የመኖር መብት እንዲህ ተጋጩ። ጥፋቱን በአንዱ ላይ ብቻ መጣል የታሪክ ፍርድ አይሆንም፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሕጋዊ የማከፋፈያ መረብ በጊዜው አልተዘረጋምና።

ዛሬ ካሴቱም ቪሲዲውም ከገበያ ወጥተዋል፤ ፊልም በስልክ ይታያል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ጦርነት በመተማ በር ብዙ ስደተኛ አሳልፏል፤ የአካባቢውም ሰላም ታውኳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ አሮጌ ካሴት ማሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የካሴት ማግኔታዊ ጥብጣብ በሙቀትና በአቧራ ይበላሻል፤ የቆላው ሙቀትም አይምርም። በቪዲዮ ብቻ ከተሠሩት የመጀመሪያ ፊልሞች ብዙዎቹ ሴሉሎይድ ቅጂ ስለሌላቸው፣ ካሴቱ ሲጠፋ ፊልሙም አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ መምህራንና የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች በየከተማው በአከራይ ሱቆች መጋዘንና በየቤቱ ቁም ሣጥን የቀሩትን ካሴቶች መሰብሰብ፣ ወደ ዘመናዊ ማኅደር ማስገልበጥ፣ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶችንና የተመልካቾችንም ትዝታ መመዝገብ ይገባቸዋል። የመተማን ጦርነት ታሪክ ከሽማግሌ አፍ የሰበሰበ ትውልድ፣ በዚያው ሜዳ አጠገብ በጠባብ ክፍል ተቀምጦ ስለ ፍቅር የተማረውን ወጣት ታሪክ መሰብሰብ አይሳነውም።